ብር ስትሉ የትኛውን ብር ማለታችሁ ነው?

የተወደዳችሁ ወጣቶች፤

ሽማግሌና ወጣት ስለ ኑሮ ሲጨዋወቱ ወሬው ዞሮ ዞሮ ብር ላይ ማረፉ አይቀርም። ሽማግሌው «በእኛ ጊዜ በመቶ ብር ደመወዝ ቤተሰብ ይተዳደር ነበር» ይላል፤ ወጣቱ ደግሞ ወይ የተጋነነ ይመስለዋል፣ ወይ ያ ዘመን ወተትና ማር ይፈስበት የነበረ ይመስለዋል። ሁለቱም አልተግባቡም። ሽማግሌው ያወራው ብርና ወጣቱ በስልኩ ላይ የሚያየው ብር በስም እንጂ በግብር አይገናኙምና፣ አንዱ የሌላውን ቁጥር ሰምቶ በራሱ ዘመን ሚዛን ሲመዝነው መሳሳቱ የግድ ነው።

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በባንክ ቤት ነው፤ መጀመሪያ በገንዘብ ከፋይነት፣ በኋላም በሒሳብ ክፍል። ብር የሚለውን ቃል ከብዙ ሰው ይልቅ ደጋግሜ ጽፌዋለሁ፣ ጠርቼዋለሁ፣ ቆጥሬዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በዚህ ደብዳቤ ግን ስለ ሀብት አሰባሰብ አልመክራችሁም፤ ያንን እናስተምራለን የሚሉ ሞልተዋል፣ አብዛኞቹም ሀብት የሚያገኙት ከማስተማሩ ነው። እኔ የምፈልገው ብር ሲጠራ፣ ሲጻፍ ወይም ቃል ሲገባበት «የመቼው ብር?» ብላችሁ የመጠየቅን ልማድ እንድትይዙ ብቻ ነው። ይህንን ልማድ ለመያዝ ደግሞ ቃሉ የመጣበትን መንገድ ማወቅ ይረዳል።

ብር ገንዘብ ከመሆኑ በፊት ማዕድን ነበር፤ ዛሬም ነው። በግዕዝ ብሩር የተባለው ነጭ ማዕድን በአማርኛ ብር ተባለ። የብር መስቀል፣ የብር ሜዳሊያ፣ ብር አምባር፣ የብር ኢዮቤልዩ፣ ብርማ ቀለም ስንል የምናስበው ይህንን ማዕድን ነው፤ አትሌታችን ብር አመጣች ሲባልም ስንት ብር ብሎ የሚጠይቅ የለም። ማዕድኑና ገንዘቡ በአንድ ስም መጠራታቸው የእኛ ብቻ አይደለም። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በየቀኑ የሚጠሩት ከሴፍ የሚለው የዕብራይስጥ ቃል ሁለቱንም ይሰይማል፣ የፈረንሳዩ አርዣንም እንዲሁ። ገንዘብ የሚለው ቃል ግን ሌላ ጠባይ አለው። «ትሕትናን ገንዘብ አደረገ» ሲባል የራሱ አደረጋት ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ገንዘብ የባለቤትነት ቃል ነው። ብር የሚናገረው ዕቃውን ነው፣ ገንዘብ የሚናገረው ዕቃው የማን እንደሆነ ነው። ይህንን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

ብር የሚለው ቃል በአገራችን ገበያ ላይ ሥር የሰደደው በአንዲት የኦስትሪያ ንግሥት መልክ ነው። የማርያ ቴሬዛ ብር መመታት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1741 ሲሆን፣ ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች በኋላ የተመታው ሁሉ በማንኛውም ዓመት ይመታ በማንኛውም አገር 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ቀረ። በቀይ ባሕር በኩል በነጋዴ እጅ እየገባ በእኛ ዘንድ ጠገራ ብር ተባለ። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄትም የአንድ ጠገራ ክብደት ነበር። እንግዲህ አስተውሉ፦ በዚያ ዘመን አንድ ሰው «አሥር ብር አለብኝ» ሲል አሥር ጊዜ 28 ግራም የሚመዝን ማዕድን አለብኝ ማለቱ ነበር። ዕዳውን የሚመዝንበት ነገር በእጁ ላይ ነው። ቢቸግረው አንጥረኛ ዘንድ ወስዶ መስቀል ወይም ጉትቻ ያሠራዋል፣ ባይቸግረው ቀብሮ ያቆየዋል፤ የልጅ ልጁ ሲያወጣው ክብደቱ ያው ነው።

ሰዉ ደግሞ በቀላሉ አይታለልም ነበር። በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች በግልጽ ካልታዩ፣ ወይም ሳንቲሙ አርጅቶ ፊቷ ከደበዘዘ፣ ገበያተኛው አልቀበልም ይል ነበር። የውጭ አገር ተጓዦች ይህንን የገበሬ ግትርነት አድርገው ጽፈውታል። እኔ ግን እንደ ባንክ ሠራተኛ ስመለከተው ትክክለኛ ምርመራ ነው፤ ሐሰተኛ ኖት በመብራት ላይ ከሚያይ ከፋይ የተለየ ሥራ አልሠሩም።

ከጠገራው በታች ለዕለት ጉዳይ የሚያገለግለው አሞሌ ጨው ነበር። ከአፋር ምድር በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ስለሚመጣ፣ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ስለዚህ አንድ ጠገራ የሚመነዘርበት የአሞሌ ብዛት በሰሜኑ ገበያ ሌላ፣ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በተሄደ ቁጥር ደግሞ ሌላ ነበር። የምንዛሪ ዋጋ በየቦታው ይለያያል የሚባለው ነገር ለአያቶቻችን አዲስ አልነበረም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የራሳቸውን ብር ሲያስመቱ ክብደቱን ከጠገራው ጋር ያመሳሰሉት ሕዝቡ የሚያውቀውን ሚዛን አክብረው ነው። በአንድ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው በኩል የይሁዳ አንበሳ ያለበት ይህ ብር ከአላድ፣ ከሩብ፣ ከተሙንና ከግርሽ ጋር ወጣ። አላድ የብር ግማሽ፣ ተሙን ደግሞ ስምንተኛ እጅ ነው። ዛሬ እነዚህ ስሞች ከሽማግሌ አፍ እንኳን እየጠፉ ነው፤ የተረፈችው ትንሿ ሳንቲም ቤሳ ናት፣ እርሷም «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» በሚለው አነጋገር ውስጥ ተሸሽጋ። ምኒልክ ያንን ሁሉ ደክመው ገበያው ግን ጠገራውን አልለቀቀም። የነገሥታት አዋጅ ገንዘብን ሊሰይም ይችላል፣ ሰው እንዲያምነው ማድረግ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ወረቀቱም ሲመጣ እንዲሁ ሆነ። ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ በየካቲት 1898 ዓ.ም. ተከፈተ፣ የመጀመሪያዎቹን የወረቀት ገንዘቦች ያወጣው ደግሞ በ1907 ዓ.ም. ነው። ወረቀቱ በባንኩ መስኮት ሲቀርብ በጠገራ እንደሚለወጥ ቃል የገባ ሰነድ ነበር። ያ ማለት ብር የሚባለው ነገር አሁንም ማዕድኑ ነው፤ ወረቀቱ የብሩ ደረሰኝ ነው። አብዛኛው ሰው ደረሰኙን ከመያዝ ዕቃውን መያዝ ይመርጥ ነበር፣ አልፈርድበትም። በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ ተተክቶ ሥራውን ሲቀጥልም ገጠሩ ያው በጠገራው ነበር።

ጣሊያን አገራችንን ሲወር የጠገራውን ኃይል አውቆ የመምቻውን ማኅተም ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ማስመታቱ፣ ሊሬውንም ለማስለመድ ያደረገው ጥረት ያለመሳካቱ ለብቻው ታሪክ ነው፤ እዚህ አላቆያችሁም። ከነጻነት በኋላ ከእንግሊዞች ጋር የገባው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ግን አንድ ቅርስ ትቶልናል። አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ፤ ስለዚህ ሃምሳ ሳንቲም አንድ ሽልንግ ሆነች። እንግሊዞቹ ከሄዱ ብዙ ዘመን አልፎም እናንተ ልጆች ሳላችሁ ሃምሳ ሳንቲሟን ሽልንግ፣ ሃያ አምስቷን ስሙኒ ትሉ የነበረው ሳታውቁት የዚያን ምንዛሪ ተመን እየጠራችሁ ነው። ሳንቲም የሚለው ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው።

አዲሱ ብር የወጣው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። ብር የሚለው ቃል ትርጉም የተለወጠው፣ በእኔ አስተያየት፣ በዚያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት ብር ማዕድን ነበር፣ ከዚያ በኋላ ብር የመንግሥት ቃል ሆነ። ከአዲሶቹ ሳንቲሞች መካከል በእውነት ከብር የተሠራችው ሃምሳ ሳንቲሟ ብቻ ነበረች፣ ሌሎቹ መዳብ ናቸው። በዚህ የተነሳ አንድ የሚያስገርም ነገር ደረሰ፦ ሃያ አምስት ሳንቲሟ መጠኗ ከሃምሳዋ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ብልጣብልጦች መዳቧን በብር ቀለም እየለበጡ በሃምሳ ያሳልፏት ጀመር። መፍትሔውም የስሙኒዋን ጠርዝ እየቆረጡ እንደ አበባ ቅጠል ሞገዳማ ማድረግ ሆነ። የብር ማዕድን ከብር ገንዘብ ሲለያይ የመጀመሪያው ሐሰተኛ በዚያች ክፍተት ገባ ማለት ነው።

በስሙም ላይ ሌላ ነገር አለ። በአማርኛው የኢትዮጵያ ብር የተባለው ገንዘብ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ዶላር ይባል ነበር። አንዱ ኖት በሁለት ቋንቋ ሁለት ስም ነበረው። በውጭው ቋንቋም ብር ተብሎ መጻፍ የጀመረው በ1969 ዓ.ም. ደርግ አዲስ ኖት ሲያወጣ ነው። ከእናንተ መካከል የድሮ ሰነድ የሚያነብ ቢኖር፣ በእንግሊዝኛው ዶላር የሚለውን አይቶ የአሜሪካን ዶላር እንዳያስብ አደራ እላለሁ፤ በውርስና በቤት ሰነድ ላይ ይህ ስሕተት ሲፈጸም ታዝቤያለሁ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በ1937 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር ነበር። በ1965 ዓ.ም. ምንዛሪው 2 ብር ከ07 ሳንቲም ሆነና ለሃያ ዓመት ያህል ሳይነቃነቅ ቆየ። እኔና እኩዮቼ ብርን እንደ ቋሚ ነገር እንድናስብ ያደረገን ይህ ረጅም ጊዜ ነው፤ በዚህም ምክንያት ለእናንተ የምንነግራችሁ ብዙ ምክር የተሳሳተ ሆኗል። በመስከረም 1985 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቀስ እያለ፣ አንዳንዴም እየዘለለ፣ ለምሳሌ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በአንድ ቀን የ15 በመቶ ቅናሽ እየተደረገበት፣ ወደ 57 ብር ገደማ ደረሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በመጀመሪያው ቀን ከ70 አለፈ፣ ብዙም ሳይቆይ መቶን ተሻገረ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ቃሉ ብር ነው። አያቶቻችን የጎጃሙ ቁና ከሸዋው ቁና እንደሚለይ እያወቁ እህል ሲገዙ «የየት አገር ቁና?» ብለው ይጠይቁ እንደነበረ፣ ብርም እንደዚያ የሚጠየቅ መስፈሪያ ሆኗል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየኝ ግን የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ በቁጥር 2472 ላይ፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋል። በቁጥር 2116 ላይ ደግሞ ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር 200 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር፤ ብዙ ሰው በእጁ ይዞት የማያውቅ ገንዘብ ነው። የሕግ አውጪው ሐሳብ ግልጽ ነው፦ ከባድ ብድር ይጻፍ፣ ቀላሉ በመተማመን ይለቀቅ። ዛሬ 500 ብር አምስት ዶላር እንኳን አይሞላም፣ ለጥቂት ጓደኛሞች ምሳ የሚበቃ መሆኑም ያጠራጥራል። ሕጉ አንድ ፊደል ሳይለወጥበት፣ ቀላሉን ብድር ሁሉ ጻፉ የሚል ሕግ ሆነ። የሕሊና ጉዳቱ ደግሞ የባሰ ነው። በ1952 ዓ.ም. 1000 ብር ሐዘንን ባያስረሳም የሚሰማ ነገር ነበር፤ ዛሬ ለተበደለ ሰው ያንን መቁጠር መድፈር ይጠይቃል። ሕጉን ያሻሻለው ፓርላማ ሳይሆን ብሩ ነው፤ ያውም ማንንም ሳያማክር።

እንግዲህ ይህ በአገር ሕግ ላይ ከደረሰ በእናንተ ውል፣ በእናንተ ደመወዝና በእናንተ ቁጠባ ላይ እንደማይደርስ ምን ዋስትና አላችሁ?

ስለ ደመወዝ ልጀምር። ሥራ ስትቀጠሩ ወይም ጭማሪ ሲደረግላችሁ ቁጥሩን ከአምናው ቁጥር ጋር ብቻ አታወዳድሩ። የቤት ኪራያችሁ፣ የአንድ ወር ጤፍና ዘይት፣ የትራንስፖርት ወጪያችሁ ከደመወዛችሁ ስንት እጁን እንደሚወስድ በየዓመቱ በአንድ ደብተር ላይ ጻፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያንን ደብተር ስትከፍቱ ደመወዛችሁ አድጎ እንደሆነ ወይም ቁጥሩ ብቻ አብጦ እንደሆነ ያለ ማንም ተንታኝ ታውቃላችሁ። ከአሠሪ ጋር ስትነጋገሩም ይህ ደብተር ከማንኛውም ልመና የበለጠ ክብር ይሰጣችኋል።

ስለ ቁጠባ የምለው ብዙዎቻችሁን ላያስደስት ይችላል፤ በባንክ የኖረ ሰው እንዲህ ይላል ብላችሁም ትገረሙ ይሆናል። ቆጥቡ፤ ለበሽታ፣ ለሥራ መፍታት፣ ለድንገተኛ ሐዘን የሚሆን ብር በባንክ ይኑራችሁ። ነገር ግን ዓመታት የሚቆይ ሐሳብ ካላችሁ ብርን ብቻ አጠራቅማችሁ እደርስበታለሁ አትበሉ። የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ባለፈበት በ2014 ዓ.ም. የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነበር። ንረቱን 30 ብቻ ብላችሁ ብታሰሉት፣ በዓመቱ መጀመሪያ ያስቀመጣችሁት 100 ብር በዓመቱ መጨረሻ 107 ብር ሆኖ ይጠብቃችኋል፣ የሚገዛው ግን ዓመቱ ሲጀመር 82 ብር ይገዛ የነበረውን ያህል ነው። ባንኩ አልዋሻችሁም፤ ቃል የገባው ብር ነው፣ ብርም ሰጥቷል። ከላይ ብርና ገንዘብ ይለያያሉ ያልኩት እዚህ ላይ ነው፦ ብሩ በእጃችሁ እያለ ገንዘባችሁ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ የረጅም ጊዜ ቁጠባችሁን ወደ ሙያ፣ ወደ መሣሪያ፣ ወደሚያፈራ ንብረት የምትለውጡበትን ቀን አስቀድማችሁ ወስኑ። በችኮላ ግን አይሁን፤ ብር እየወደቀ ነው ብሎ የማያውቀውን ነገር የገዛ ሰው ከወለዱ የከፋ ኪሳራ ሲደርስበት አይቻለሁ።

ዕቁብ የምትጥሉም ይህንን አስቡ። ዕቁብ የተከበረ ተቋማችን ነው፣ ሰው ሳይቆጥብ እንዳይቀር የሚያስገድድ ማኅበራዊ ዳኛ ነው። ግን በየወሩ የሚጣልና ሁለት ዓመት የሚወስድ ዕቁብ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰውና የመጨረሻው የደረሰው በቁጥር እኩል ብር ቢወስዱም የወሰዱት እኩል አይደለም። በገበያ ያሉ ነጋዴዎች ይህንን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው ዕጣቸውን የሚሸጡትና የሚገዙት። እናንተም ዕቁብ ስትገቡ ዙሩ አጭር የሆነውን ምረጡ፣ ወይም ረጅም ከሆነ መዋጮው በየጊዜው እንዴት እንደሚታይ ከዳኛውና ከጸሐፊው ጋር ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ዕጣ ከወጣ በኋላ የሚነሳ ጥያቄ ዕቁብ ያፈርሳል።

ብድር ደግሞ የወዳጅ መለያያ ነው። ለወንድማችሁ ወይም ለጓደኛችሁ ስታበድሩ በልባችሁ ሁለት ዓይነት ብድር ለዩ፦ በሁለት በሦስት ወር የሚመለስ፣ እና መቼ እንደሚመለስ የማይታወቅ። የመጀመሪያው በብር ቁጥር ቢሆን ብዙ አይጎዳም። ሁለተኛው ግን ከአራት ዓመት በኋላ ተበዳሪው በቅን ልቦና ያንኑ ቁጥር ይዞ ሲመጣ አበዳሪው ፊቱ ይጠቁራል፣ ተበዳሪው ደግሞ «ዕዳዬን ከፍዬ ለምን ይኮራረፈኛል?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተዋዋዮች የሚከፈለውን ብር በዕቃ ወይም በአገልግሎት ዋጋ ላይ ተመሥርተው እንዲወስኑ መንገድ ከፍቷል፤ ብድሩ ጊዜ የሚወስድና ከበድ ያለ ከሆነ አንድ የሕግ ባለሙያ አማክራችሁ በዚህ መንገድ ጻፉት። ለቤተሰብ ማድረግ ከከበዳችሁ፣ ሲመለስ የማይቆጫችሁን ያህል ብቻ አበድሩ።

ስለ አጻጻፉም ጥቂት ልበል፤ ይህ የሙያዬ ነገር ስለሆነ ታገሡኝ። በንግግር ቁጥሩ ይቀድማል፣ «አምስት መቶ ብር» እንላለን፤ በሰነድ ላይ ግን ብር የሚለው ይቀድማል፣ «ብር 500.00» ተብሎ ይጻፋል። ምክንያቱ ለጌጥ አይደለም። ቃሉ ከቁጥሩ ጋር ተጣብቆ ከፊት ሲቆም ማንም ሰው ከፊት ሌላ አኃዝ መጨመር አይችልም፤ ሳንቲሙ ደግሞ ከኋላ ይዘጋዋል። ከዚያም በፊደል ይደገማል፣ «/አምስት መቶ ብር/» ተብሎ በሁለት ሰያፍ መስመር ይታጠራል። በአኃዝና በፊደል የተጻፈው እንዳይለያይ ሁለት ጊዜ አንብቡት። ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ አስፍሩ፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑንም ግለጹ፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት በብር ላይ ምን እንደሚያመጣ ከላይ አይታችኋል።

የቃሉን ሰዋስው ብታስተውሉም ደስ ይላችኋል። አምስት ብር እንላለን እንጂ አምስት ብሮች አንልም፤ ብሮች የምንለው የድሮ ኖቶችንና ሳንቲሞችን እንደ ዕቃ ስንቆጥር ነው። አሁን አሁን ደግሞ ቃሉ ከንግግር እየወጣ ነው። ኪራይ ስንት ነው ሲባል «ሃያ ሺ»፣ መኪናው ስንት ተሸጠ ሲባል «ሁለት ነጥብ አምስት» ይባላል፤ ብርም ሚሊዮንም አይጠራም። ቁጥሩ በበዛ መጠን ቃሉ ተዋጠ። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ብቻ ነው «ብር የለኝም» ብሎ አሟልቶ የሚናገረው።

ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮም በቴሌብር አገልግሎቱ ስሙን ወደ ስልካችሁ አስገብቶታል። ማዕድን የነበረው ነገር ወረቀት ሆነ፣ ወረቀቱ የስክሪን ቁጥር ሆነ። እኔ ይህንን አላማርርም፤ የከፋይ መስኮት ፊት የሚቆመውን ሰልፍ ያየ ሰው አያማርርም። የምፈራው አንድ ነገር ነው። ሰው ኖት ሲቆጥር እጁ ይዘገያል፣ ያንን መዘግየት ልቡ ይሰማዋል። በጣት መንካት የሚሄድ ብር ግን፣ በአማርኛችን ሌላኛ ትርጉም፣ ብር ብሎ ይበራል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ቢሆን ይመረጣል፣ የላካችሁትንና የተላከላችሁን ዝርዝር በወረቀት ላይ በእጃችሁ ገልብጡ። ሚስጥር ቁጥራችሁንም ለማንም፣ ከባንክ ነው የምደውለው ለሚላችሁም ቢሆን፣ አትንገሩ፤ ባንክ አይጠይቅም።

በመጨረሻ በውጭ አገር ዘመድ ላላችሁ፣ ወይም እናንተው በውጭ ለምትኖሩ። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ዶላሩን ብር ብለው መጥራት ለምደዋል፤ ሃያ ዶላር ከፍለው «ሃያ ብር ከፈልኩ» ይላሉ። በእንግሊዝኛ የእኛን ብር ዶላር ይሉት እንደነበረው ሁሉ ዛሬ ልጆቻችን የእነርሱን ዶላር ብር ማለታቸው ያስቀኛል። ነገር ግን በስልክ «ሦስት መቶ ብር እልካለሁ» ያለች እህትና ያንን የሰማች እናት ፈጽሞ የተለያየ ገንዘብ እያሰቡ ሊያድሩ ይችላሉ። ከዚህ የተነሳ ስለ ቤት ሥራ፣ ስለ ልጅ ትምህርት ወይም ስለ ሕክምና ወጪ ከውጭ ቃል ሲገባላችሁ ይሉኝታውን ትታችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የሚላከው በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ፣ በባንክ በየትኛው ቀን ተመን እንደሚመነዘር፣ የማስተላለፊያውን ክፍያ ማን እንደሚችል። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ፣ ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት፣ ዶላሩን ዶላር ብላችሁ፣ ብሩን ብር ብላችሁ፣ ከነቀኑ በአጭር መልእክት ለላኪው መልሳችሁ ጻፉለት።